ተቀንሷል፣ አልገባም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክብርት የአስተዳደር ኃላፊ፣ ክቡራትና ክቡራን የቀለም ፋብሪካችን ሠራተኞች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መሸኛ ላሰናዳችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አዳራሹ ተጠርጓል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ማይክራፎኑ እንኳ ዛሬ ይሠራል። ሠራተኛ ጥያቄ ሊጠይቅ ሲነሳ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ እኔን ለማሰናበት ሲሆን ግን ድምፁ ኩልል ብሏል። ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ገና አልፈታሁትም፤ የግድግዳ ሰዓት መሆኑን ግን አውቃለሁ። እንዴት አወቅሽ ትሉ ይሆናል። ለጡረተኛ ስጦታ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ ብዬ በደብዳቤ የወሰንኩት እኔው ነኝ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። በዚያ ዋጋ ከግድግዳ ሰዓት በቀር የሚገዛ ነገር የለም። ስስቴ ዞሮ ዞሮ እኔኑ አገኘኝ።

የአስተዳደር ኃላፊዋ "አምስት ደቂቃ ይበቃሻል" ብላኛለች። በዚህ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሳሰላው ለአንዱ ዓመት አሥር ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ትንሽ አልፋለሁ፤ እንደ ትርፍ ሰዓት ቁጠሩልኝ። ክፍያ አልጠይቅም። በዚህ ቤት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን እተይብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ባለፉት ሦስት ዓመታት የተቀጠራችሁ ልጆች እኔን የምታውቁኝ በመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ብሎን ስትፈልጉ፣ የጎማ ቀለበት ስትፈልጉ፣ "እትዬ፣ ቶሎ በይልን" የምትሉኝ ሴትዮ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ስምንት ዓመት የደመወዝና የጥቅማጥቅም ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት በኃላፊነት። ታዲያ ደመወዝ ስትሠራ የኖረች ሴት በስተርጅና ብሎን ቆጣሪ የሆነችው እንዴት ነው? ብዙዎቻችሁ በወሬ ሰምታችኋል። ወሬ ደግሞ በተቀባበሉት ቁጥር ይሳሳል። ዛሬ ከባለቤቱ ስሙት።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ የቀድሞው አለቃዬ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በተቀጠርኩበት የመጀመሪያው የደመወዝ ቀን በመስኮቱ በኩል ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ገንዘቧን ቆጥሬ ሰጠኋት። ሴትየዋ ወገቧን አጠፍ አድርጋ አመሰገነችኝ። እኔም ፊቴ በራ። አለቃዬ ከኋላዬ ያዩ ኖሯል።

"ደስ አለሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ደስ አይበልሽ። ሰው የራሱን ተቀብሎ ካመሰገነሽ፣ የሆነ ቦታ አስፈራርተነዋል ማለት ነው።"

እኝህ ሰው ጡረታ ሲወጡ እኔ ተተካሁ። ጥቂት ዓመት ሰላም ነበር። ከዚያ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን መጡ። ይኸው ፊት ለፊቴ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ምነው በቀሩ አልልም፤ ባይመጡ ኖሮ ይህን ንግግር ለባዶ ወንበር ማድረግ ነበረብኝ።

ክቡርነትዎ፣ የመጀመሪያውን ስብሰባ ያስታውሱታል? በዚሁ አዳራሽ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ እኛ ሠራተኛና አሠሪ አይደለንም፤ ቤተሰብ ነን" አሉ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በሳምንቱ ከቢሮዎ አንድ መመሪያ ደረሰኝ፦ ሽንት ቤት ከስድስት ደቂቃ በላይ የቆየ ሠራተኛ የሩብ ሰዓት ደመወዝ ይቀነስበት። እኔ ያደግሁት ሰባት ልጆች ባሉበት ቤት ነው። እናታችን ተቆጥታናለች፣ ኩርኩም አቅምሳናለች። ሽንት ቤት ቆያችሁ ብላ ግን ከእራታችን ላይ ቆርሳ አታውቅም። የትኛውን ቤተሰብ ማለትዎ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቀጥሎ አማካሪው መጣ። ጫማው ሹል፣ ኮምፒዩተሩ ቀጭን። የጥቅማጥቅም ወጪ እንዲያስቀንስ ነበር የተቀጠረው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቅየጣ ክፍል አንድ ቀን አልገባም፤ በሩ ድረስ ሄዶ "ሽታው ራሴን ያመኛል" ብሎ ተመለሰ። እዚያ ሽታ ውስጥ ሰዎች በቀን ስምንት ሰዓት ይውላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣቸው ነበር። ወተት የቀለም መርዝ ያወጣል አያወጣ እንጃ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ለሠራተኛው ቃል የተገባለት ነገር ነበር። አማካሪው የወተቱን ወጪ አየና "ወተትን ከቀለም ጋር ምን አገናኘው?" አለኝ። እኔም የሱን ክፍያ አየሁ፤ የአንድ ወሩ ብቻ ለቅየጣ ክፍል የአሥራ አንድ ወር ወተት ይገዛ ነበር። እሱን ከቀለም ጋር ምን እንዳገናኘው ግን አልጠየቅሁም።

ወተቱ ቀረ። በምትኩ ግድግዳው ላይ "ጤናዎ ሀብትዎ ነው" የሚል ባለ ፍሬም ጽሑፍ ተሰቀለ። የቅየጣ ክፍል ልጆች አዲሱን ጥቅማጥቅም "ላም አለኝ በሰማይ" ይሉት ነበር። ወተቱ መቅረቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ቋንቋው ያምር ነበር። ክፉ ነገር ሲሆን ቋንቋ ለማሳመር ሰንፈን አናውቅም።

ይህ ሁሉ ግን ማሟሻ ነው።

ለአዲሶቹ አንድ ነገር ላስረዳ። በየወሩ ከደመወዛችሁ ላይ ለጡረታ የሚቀነስ አለ። ድርጅቱም የራሱን ድርሻ ይጨምርበትና ሁለቱን አንድ ላይ ለጡረታ መሥሪያ ቤት ያስገባል። መዋጮ ማለት ይኸው ነው። አሠሪው ይህን ገንዘብ በእጁ ይዞ ያሳልፈዋል እንጂ የሱ አይደለም። ፖስተኛ ደብዳቤ ስለ ያዘ ደብዳቤው የሱ ይሆናል?

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ክቡርነታቸው አስጠሩኝ። ጥሬ ዕቃ ወደብ ላይ ቆሟል፣ የመጋዘን ኪራይ እየቆጠረ ነው፣ እጃችን አጥሯል አሉኝ። የመዋጮው ገንዘብ ለሁለት ወር ብቻ ይቆይልን፣ ማንም አይጎዳም፣ ገንዘቡ የትም አይሄድም አሉ። እኔ በጽሑፍ ይሁንልኝ ብዬ ማስታወሻ አቀረብኩ። ከማስታወሻዬ ጥግ ላይ "ይቆይ" ብለው ጻፉልኝ። በእርሳስ።

አንድ ሥራ አስኪያጅ ትእዛዝ በእርሳስ ሲጽፍ ምን ማለቱ እንደሆነ የማይገባው የደመወዝ ኃላፊ አለ? ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው ወጥቼ ክፍያውን ያቆየሁት።

ሁለቱ ወር አራት ሆነ። በሰባተኛው ወር ክቡርነታቸው አዲስ መኪና ገዙ፤ ለመስክ ሥራ ነው ተባለ፣ መስኩን እስከ ዛሬ አላየነውም። በዘጠነኛው ወር ቢሯቸው የመስታወት በር ገባለት። ያ ወደብ ላይ ቆሟል የተባለው ጥሬ ዕቃ ከወደብ ወጥቶ፣ ቀለም ሆኖ፣ ተሸጦ፣ በሰው ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ደርቋል። መዋጮው ግን አልወጣም።

እኔስ? እኔ በየወሩ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት የደመወዝ ስሊፕ አትም ነበር። በእያንዳንዱ ላይ "የጡረታ መዋጮ ተቀናሽ" የሚል መስመር አለ። ውሸት አልነበረም። ተቀንሷል። የት እንደገባ ነው ያልተጻፈው። ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ታጥቤ እራቴን እበላ ነበር፤ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ደህና አድርጌ እተኛ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንቀው ሰው ማነው ብትሉኝ፣ ከያን ጊዜዋ እኔ ማንንም አላስቀድምም። ደህና፣ ከአንድ ሰው በቀር።

እንዲህ እያልን አሥራ ዘጠነኛው ወር ላይ ደረስን፤ ያን ጊዜ ሰማያዊ የምንለው ቀያጭ ጡረታ ወጣ።

ነባሮቹ ታውቁታላችሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ቀለም የቀየጠ ሰው ነው። ጥፍሮቹ መቼም አይነጹም ነበርና ሰማያዊ አልነው፤ በእውነተኛ ስሙ ብንጠራው ኖሮ ዞር አይልም ነበር። ማሽኑ ያሳተውን ቀለም በዓይኑ አይቶ "ጥቁር አንድ ማንኪያ ቀንሱለት" የሚል ሰው። በዚሁ አዳራሽ ሸኘነው፣ ክቡርነታቸው አቅፈው ሳሙት።

በሁለተኛው ሳምንት መስኮቴ ጋ መጣ። ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር፤ "መዝገብህ ሙሉ አይደለም፣ አሠሪህን ጠይቅ" ብለው መልሰውታል። ነገ ና አልኩት። መጣ። አሁንም ነገ አልኩት። በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሲስተም ተበላሽቷል አልኩት። ሲስተም የሚባለው ነገር ምን ያህል ኃጢአት እንደተሸከመልን እሱ አንድዬ ይወቀው።

በአራተኛው ቀን አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። የቅጥር ደብዳቤው፣ የእድገት ደብዳቤዎቹ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ስሊፖቹ በሲባጎ ታስረው። በመስኮቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ አንድ በአንድ እየገፋ አስገባልኝ።

"እህቴ፣ ምናልባት እኔ ያጎደልኩት ወረቀት ይኖር ይሆን? እስቲ እይልኝ፣ እኔ ፊደል ላይ ደካማ ነኝ" አለኝ።

ቢጮህብኝ እችለው ነበር። ለጮኸ ሰው መልስ አለን፤ ደንብ እንጠቅስበታለን። ይህ ሰው ግን የተዘረፈው እሱ ሆኖ ጥፋቱን ከራሱ ከረጢት ውስጥ ይፈልጋል። እያገላበጥኩ ያየሁ መሰልኩ። "ሁሉም ሙሉ ነው ጋሼ" አልኩት። እሱ ብቻ ነው ያን ቀን ከአፌ የወጣ እውነት።

ከአሥር ቀን በኋላ ባለቤቱ መጣች። መስኮቱ ጋ አልቆመችም፤ በጓሮ በር ዞራ ቢሮዬ ገባች። ባሏ መምጣቷን እንዳያውቅ አስምላኝ ነው የጀመረችው። ጡረታው እንዳልተጀመረ ለጎረቤት አልተናገረም፣ ለልጆቹም አልተናገረም አለችኝ። ሲጠይቁት ፋብሪካው ለሥልጠና ትንሽ አቆይቶኛል ይላል። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል።

"እትዬ፣ የት እንደሚውል አላውቅም" አለችኝ። "ምሳ ዕቃውን በልቶ ባዶውን ይመልሳል። የት ቁጭ ብሎ እንደሚበላው ግን አላውቅም።"

እሷን ሸኝቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በምሳ ሰዓት ከግቢው ወጣሁ። ለመፈለግ ሩቅ አልሄድኩም። ከዋናው በር ማዶ ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። አውቶቡስ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሱ አይነሳም። ምሳውን ጨርሶ ክዳኑን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። በየቀኑ በመስኮታችን ፊት ለፊት ነው የሚውለው፤ በዚህ ግቢ ካለነው ሰዎች አንዳችን አላየነውም። ወይም አይተን አላየንም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰላምታ ከሰጠሁት በኋላ እንዲህ አልኩት፦

"ጋሼ፣ ወረቀትህ አልጎደለም። ከደመወዝህ የተቀነሰውን ድርጅቱ አላስገባውም። እኔ አውቅ ነበር።"

ክዳኑን ገጠመ፣ መልሶ ከፈተው፣ ገጠመው።

"ስንት ወር?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"የኔ ብቻ ነው?"

"የሁሉም።"

ወደ ፋብሪካው በር አየ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሠራተኛው እየተሳሳቀ ይገባል፣ ይወጣል። "ለነሱስ ማን ይነግራቸዋል?" አለኝ። አልሰደበኝም። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በመስታወቱ በር በኩል ክቡርነታቸው ዘንድ ገባሁ። ያልኩትን ሁሉ አሁን አልደግመውም፤ ባጭሩ ይከፈል አልኩ። እሳቸው ተረጋግተው ሰሙኝ። ከዚያ ኪሳቸው ገቡና የገንዘብ ቦርሳቸውን አወጡ። ለሰውየው ከራሴ ትንሽ ነገር ልስጠው፣ ችግር ላይ ቢሆን ነው አሉ። ሰውየው ምጽዋት አልጠየቀም፣ የራሱን ነው የጠየቀው አልኩ። ሌሎቹ ሰምተው ቢነሱብንስ ብዬም ጠየቅሁ። መልሳቸውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

"ሠራተኛ ቁጥር አይገባውም። ዝም ካልነው ዝም ይላል።"

ክቡርነትዎ፣ አሁን ጉሮሮዎን እየጠረጉ ነው። አላልኩም ካሉ ማይክራፎኑን ልስጥዎት እችላለሁ። ዛሬ ይሠራል።

ቁጥር የማይገባው ሠራተኛ! በዚህ አዳራሽ ያለች አንዲት እናት በወር የምታገኘውን ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለዘይት፣ ለታክሲ፣ ለመድኃኒት ስትከፋፍል ቢያዩ፣ አማካሪዎ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ከእግሯ ሥር ተቀምጦ ይማር ነበር።

የደመወዝ ቀን አራት ቀን ቀርቶት ነበር። የስሊፑን ቅጽ ከፈትኩና "የጡረታ መዋጮ ተቀናሽ" ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ተቀንሷል፣ አልገባም። የአሥራ ዘጠኝ ወር።" ከጎኑ የያንዳንዱን ሰው ድምር አስገባሁ፤ የሱን ድርሻና ድርጅቱ መጨመር የነበረበትን። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው። የራሴም አለበት። ቀኑን ሙሉ ያቺ አሮጌ ማተሚያ ስትንጫረር ዋለች። የአስተዳደር ኃላፊዋ በበሩ ብቅ ብላ ድምፁ አስቸገረን አለችኝ። ደመወዝ ነው አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

ጀግንነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ ክቡርነታቸውን ስፈራ ቆየሁ፤ ያን ቀን ሌላ ሰው ፈራሁ። ያን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ዞር ብሎ ያላየኝን ሰው።

በደመወዝ ቀን ስሊፑ ታደለ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ የማሸጊያ ክፍል ማሽን ቆመ። ቀጥሎ የቅየጣው። ከዚያ ሁሉም። ሰው እየወጣ ግቢው ውስጥ ቆመ፣ ስሊፑን በእጁ እንደያዘ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ድንጋይ አላነሳም። ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ሴት ማንበብ ለማይችሉት መስመሩን እየዞረች ታነብላቸው ነበር። "ተቀንሷል፣ አልገባም።" ወደ ሌላው ትሄድና እንደገና። "ተቀንሷል፣ አልገባም። የአንተ ይህን ያህል ነው።" አሥር ጊዜ ሳትደጋግመው አልቀረችም። እኔ በመስኮቴ ሆኜ እያንዳንዱን ሰማሁ።

ክቡርነታቸው ከቢሯቸው ወርደው መጡ። ሁልጊዜ "እርስዎ" ነበር የሚሉኝ፣ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁና። ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" ለመውረድ ግን አንድ ፎቅ በቃቸው።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ከስሊፑ ግርጌ 'ትክክለኛነቱን አረጋግጫለሁ' ይላል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው" አልኳቸው። "አሥራ ዘጠኝ ወር ሳላረጋግጥ ፈረምኩልዎት። ዛሬ አረጋግጬ ፈረምኩ።"

ሠራተኞቹ ስሊፑን ይዘው ስላመለከቱ በሦስተኛው ቀን ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አማካሪው የዚያን ሰሞን ራሱን አሞት ቀረ፤ ይህን ጊዜ ከቀለሙ ሽታ አይመስለኝም። በአምስት ወር ውስጥ ውዝፉ በሙሉ ከነመቀጫው ገባ። የለም የተባለ ገንዘብ ከየት ተገኘ? መኪናው አልተሸጠም፣ በሩም አልተነቀለም። ኖሯል ማለት ነው፤ ፈላጊ አጥቶ እንጂ። ከዚያ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ምን ተለጠፈ መሰላችሁ? "ድርጅታችን ለሠራተኞቹ ካለው ጥልቅ ፍቅር የተነሳ የጡረታ መዋጮን ሙሉ በሙሉ አጠናቆ ከፍሏል።" ፍቅር! ሌባ የሰረቀውን በፖሊስ ፊት መልሶ ሲያበቃ ስጦታ ነው ይበላችሁ?

በዚህ ሁሉ የተቀጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ። "ያልተፈቀደ ጽሑፍ በድርጅቱ ሰነድ ላይ በማተም" የአሥር ቀን ደመወዝና ወደ ግምጃ ቤት መዛወር። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አሥራ ዘጠኙ ወር ዝምታዬ አንድ ቃል የለበትም። ለሱ ቢቀጡኝ ኖሮ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቀበል ነበር። የቀጡኝ በሠራሁት ብቸኛ ትክክለኛ ሥራ ነው።

ስለ እናንተም ስለ ባልደረቦቼ ትንሽ ልበል፤ ለቢሮዎቹ ማለቴ ነው፣ ለማሽን ክፍሎቹ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ምሳ በልተናል። ወደ ግምጃ ቤት ከወረድኩ በኋላ ደረጃውን የወረደ ሰው አላየሁም። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የምሳ ሰዓት ፕሮግራማችሁ ኖሯል። አንዷ በኮሪደር ላይ እጄን ጨብጣ "ጀግና ነሽ" ብላ አንሾካሾከችልኝ። በማግሥቱ በዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀጡ ብላ እጇን አወጣች። ስሟን አልጠራም። ጫማዋን እያየች ነው።

ሰማያዊስ? ጡረታው ከነውዝፉ ተከፈለው። ከሰባት ወር በኋላ ከባለቤቱ ጋር ግምጃ ቤት ድረስ መጣ። ጥፍሩ ነጽቷል፤ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ተቀምጠን ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን። ሊሄድ ሲነሳ ባለቤቱ "እትዬን አመስግናት እንጂ" አለችው።

አሰበበት። ከዚያ፦ "ያን ቀን እውነቱን ስትነግሪኝ በጣም ተናድጄብሽ ነበር፣ እህቴ። አሁንም ትንሽ አለብኝ።"

ሚስቱ አፈረች። እኔ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሠራተኛ አፍ እንደዚህ የሚያኮራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የራሱን ተቀብሎ አላመሰገነኝም። አልፈራንም ማለት ነው።

አሁን ልጨርስ ነው።

ትናንት ከሰዓት የአስተዳደር ኃላፊዋ አንድ ወረቀት አመጣችልኝ። "ለረጅም ዘመን አገልግሎት ልዩ ማበረታቻ፣ የሦስት ወር ደመወዝ" ይላል። ልቤ ሞቅ አለ፤ ሰው ነኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ተሰናባቿ ስለ ድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ በማንኛውም መድረክ ላለመናገር መስማማቷን ይገልጻል። ከታች ለፊርማ ባዶ ቦታ ተሰምሯል። አብራኝ ለምትኖረው እህቴ ወስጄ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጣሪያችን እንደሚያፈስ አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው፤ ከሷ አልጋ በላይ ነው የሚያፈሰው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና "ብትፈርሚ አልወቅስሽም፤ ግን ፈርመሽ ምን ብለሽ ልትናገሪ ነው?" አለችኝ።

ይኸውላችሁ ወረቀቱ። ፊርማ የለበትም። ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ፤ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለማስታወሻ ይጠቅማል። ስለዚህ ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ የሰማችሁት ንግግር የሦስት ወር ደመወዝ ዋጋ አለው። በሕይወቴ ከገዛሁት ሁሉ ውዱ ነው። አዳምጣችሁት ከሆነ አልከሰርኩም።

እንግዲህ ምርቃቴን ተቀበሉኝ። የማሽን ክፍል ልጆቼ፣ ጉልበታችሁ ይጽና፣ የሠራችሁት በልካችሁ ይግባላችሁ፤ ስሊፓችሁን ሳታነቡ ኪሳችሁ ከማስገባት ይጠብቃችሁ። ማንበብ የማይችል ቢኖር የሚያነብለት ጎረቤት አያሳጣው። በቦታዬ የተቀመጥሽው ልጄ፣ የምትጽፊበት ብዕር እንጂ እርሳስ አይቅረብሽ፤ አንድ ቀን "ለሁለት ወር ብቻ" የሚል ሰው ሲመጣብሽ አንደበትሽን ያፍታታልሽ፣ እንደኔ አሥራ ዘጠኝ ወር አያስጠብቅሽ። ቢሮዎቹ ባልደረቦቼ፣ ለእናንተ አንገት እመኝላችኋለሁ፤ ቀና የሚል።

ለእርስዎም፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጡረታዎን ለማየት ያብቃዎ። ወረቀትዎን ይዘው መስኮቱ ጋ በሚቆሙበት ቀን፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ እንደርስዎ ያለ አለቃ የሌላት ትሁንልዎ፤ መዋጮዎም በየወሩ ገብቶ ይጠብቅዎ።

በሉ ደህና ሁኑ።